ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ አትመነው

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን
ከቢሮዬ፣ ከምሳ በኋላ

ይህች ወረቀት ተራራህን ወጥታ በደህና እጅህ ትግባ፤ ለቀያሹ፣ ለልጄ አባት፦

ሰላምታው ትንሽ ይቆየንና አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ከዚህች ደብዳቤ ጋር በአንድ መኪና፣ በእኔ ስም የተጻፈ ሌላ ደብዳቤ ይደርስሃል። ነጭ ፖስታ ነው፤ የኩባንያችን ማኅተም አለበት፤ ውስጡ የሁለት ዓመት የፓምፕ ዋስትና ወረቀት ተያይዞበታል። “ውልህን አራዝም” ይልሃል። እኔ አልጻፍኩትም። እባክህ ይህችን አንብበህ ሳትጨርስ ምንም ነገር ላይ እንዳትፈርም።

አሁን ቁጭ በል። ሰላምታዬ ይኸው፦ እኔ ደህና ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር ከደህናም በላይ ነኝ። ልጃችን የነርሶች ኃላፊ ሆናለች። ሆስፒታል ውስጥ ማዘዝ የጀመረች ጊዜ ቤት ውስጥም ማዘዝ ጀመረች፤ ውኃ ጠጪ፣ ተነሽ፣ ተራመጂ እያለች መድረሻ አሳጥታኛለች። የጓሮው ፓምፕ ባለፈው ወር ቆመብኝና ሠራተኛ ከመጥራቴ በፊት ራሴ የጻፍኩትን የፓምፕ መመሪያ ከመደርደሪያ አውርጄ ገጽ በገጽ እየተከተልኩ ፈታሁት። ገጽ አራት ላይ የጻፍኩት ስህተት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በየሰዉ ጓሮ ያ ስህተት ሲዞር ኖሯል፤ አንድም ሰው ደውሎ አልነገረኝም። ፓምፑ ግን አሁን ይሠራል።

ስለዚያ ነጭ ፖስታ እንድትረዳኝ ስለ ሥራዬ ማውራት አለብኝ። ባለፈው ዓመት የመመሪያ ክፍላችን ሲዘጋ ጡረታ ያስወጡኛል ብዬ ልቤ ተሰቅሎ ነበር። እነሱ ግን ጠረጴዛዬን ወደ ሶፍትዌር ክፍል አዛወሩት። ኩባንያው በየክፍሉ ኤጀንት የሚባሉ አስገብቷል። ሰዎች አይደሉም፤ ኮምፒውተር ውስጥ ሆነው የታዘዙትን ከጫፍ እስከ ጫፍ ራሳቸው የሚሠሩ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ዓይነት ናቸው። አንዱ የመጋዘን ዝርዝር ያዘጋጃል፤ ሌላው ለደንበኞች የዋስትና ደብዳቤ ይጽፋል። ሥራ ላይ ወደር የላቸውም። ችግራቸው፣ አንድ ጊዜ ካቆሙ በኋላ እንደገና ሲጀምሩ ትናንት የሠሩትን ፈጽሞ አያስታውሱም። ስለዚህ የሠሩትን ስም ሰጥተው ያስቀምጣሉ፤ በኋላ ስሙን ጠርተው የሚያስመጡበት መሣሪያ ደግሞ አለ። እኛ “አምጪው” እንለዋለን።

በአንተ ቋንቋ ልንገርህ። ሌላ ቀያሽ ጀምሮ የተወው መሬት ላይ እንደመድረስ ነው። ሰውየው የለም። ያለህ የተከላቸው ችካሎችና ማስታወሻ ደብተሩ ብቻ ነው፤ ደብተሩ ላይ ያልጻፈውን ከየትም አታመጣውም።

የእኔ ሥራ የአምጪውን ሰነድ መጻፍ ነው። መቼ እንደሚጠራ፣ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ፣ ምን ይዞ እንደሚመለስ፣ ባዶ እጁን ከመጣ ምን እንደሚደረግ። ሰነዱን የሚያነቡት ደግሞ ኤጀንቶቹ ራሳቸው ናቸው። ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ስለ ፓምፕ ስጽፍ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም፤ አንተ እንኳ አዲስ ዕቃ በተገዛ ቁጥር መጀመሪያ የምትጥለው የእኔን ቢጤዎች ድካም ነበር። አሁን እያንዳንዷን መስመር የሚያነብ፣ ያነበበውንም ሳያንገራግር የሚፈጽም አንባቢ አገኘሁ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እየዘመርኩ ነው ቢሮ የገባሁት፤ ልጃችን ምስክር ናት። ጉዱ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው።

የድሮ ልማዴን ታውቃለህ። መመሪያ ውስጥ የውሸት ምሳሌ አልጽፍም። የፓምፕ ቁጥር ስጽፍ መጋዘን ወርጄ፣ በዓይኔ አይቼ፣ ያለውን ቁጥር ነበር የምጽፈው፤ ሠራተኛው ማሽኑ ላይ ሄዶ ቢያመሳክር እንዲያገኘው። አምጪው ያላለቀ ሥራ ሲያመጣ “አላለቀም” የሚል ምልክት ያደርግበታል፤ ይህንን ለመሞከርና ምሳሌ ለማድረግ አንድ እውነተኛ፣ ያላለቀ ሥራ አስፈለገኝ። በእጄ ያለው ያላለቀ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ለአንተ የጀመርኩት መልስ።

መስከረም መጀመሪያ ላይ የላክኸው ደብዳቤ፣ አንተ ስትጽፍ መቼም ቃል የሚያልቅብህ ነው የሚመስልህ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበር። “ውሌ ጥቅምት ሠላሳ ያልቃል፤ ለሦስት ዓመት አራዝም ብለውኛል። ልፈርም ወይስ ልምጣ? አንቺ ያልሽውን አደርጋለሁ።” እኔም በዚያው ቀን ኮምፒውተሬን ከፍቼ ከላይ አድራሻህን ጻፍኩና እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ “ለልጄ አባት። ደብዳቤህ ደርሶኛል። የዛሬ ሦስት ዓመት በሩ ላይ ቆሜ ከሄድክ አትመለስ ብዬህ ነበር። አሁን ልፈርም ወይስ ልምጣ ብለህ ስትጠይቀኝ መልሴ”። እዚያ ላይ ቆምኩ። አምስት ሳምንት ሙሉ እዚያው ላይ ቆሜ ነበር። ያንን ነው አስቀምጬ፣ ስሙን እንዳለ ሰነዱ ላይ በምሳሌነት ያሰፈርኩት።

ታዲያ ሰው ሁሉ ኤጀንቱን ሲያዝ ስም መጥራት ይሰንፋል። “ያለፈውን ሥራ ቀጥል” ብሎ ጥሎት ይሄዳል። ኤጀንቱ የትኛውን እንደሆነ አያውቅም። ሰነዱን ይከፍታል፤ ምሳሌው ላይ አንድ ስም ያገኛል፤ እሱኑ ይጠራል። አምጪው የታዘዘውን ያመጣል፤ ደብዳቤዬን ማለት ነው፤ “አላለቀም” ብሎ ይሰጠዋል። ኤጀንት ደግሞ ያላለቀ ነገር ዓይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ጨረሰው።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የመጋዘኑ ኃላፊ ደወለ። ያ ወፍራም ድምፅ ያለው፣ የኩባንያው ዓመታዊ ስብሰባ ላይ አጠገብህ ተቀምጦ ሲያንቀላፋ የነበረው።

“እትዬ፣” አለኝ፤ “እኔ የጎማ ማሸጊያ ዝርዝር ነበር ያዘዝኩት።”

“እና?”

“እናማ፣ ‘ናልኝ፣ ቤቱ ያላንተ ባዶ ነው’ የሚል ነገር ነው የመጣልኝ። ከስር የእርስዎ ክፍል ስም አለበት። እኔ እኮ ባለትዳር ነኝ።”

ስልኩን ዘግቼ ቀና ስል ፕሮግራመሯ አጠገቤ ቆማለች። ቢሮ ውስጥ “ጭምቷ” የምንላት፣ በቀን ከአሥር ቃል በላይ የማትናገር ልጅ ናት። አንድ እቅፍ ወረቀት ይዛለች።

“እትዬ፣ ይሄ ነገር የእርስዎ ሳይሆን አይቀርም።”

“አንብበሽዋል?”

“ኧረ እኔ አላነበብኩም። ሁለተኛውን ገጽ ብቻ ነው ያየሁት።” ወረቀቶቹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና፣ “አምስተኛውንም፣” አለች።

ሃያ ሦስት ነበሩ። ከየክፍሉ፣ ሃያ ሦስት ኤጀንቶች ደብዳቤዬን ሃያ ሦስት ዓይነት አድርገው ጨርሰውታል። የጥገና ክፍሉማ በሠንጠረዥ አድርጎ፣ “የትዳር ጥያቄ፦ መልስ ተሰጥቷል፤ ቀሪ ሥራ የለም” ብሎ ለአለቃው ሪፖርት አቅርቧል። የሕንፃው ሰው ሁሉ ትዳሬን አንብቦ፣ እኔ ብቻ ነበርኩ የማላውቀው። ስብሰባ ተጠራ። አለቃዬ ልጃችንን የሚያህል ሰው ነው፤ ግን ጨዋ ነው፤ ደብዳቤው ምን እንደሚል አንዲት ቃል ሳያነሳ፣ “ኤጀንቶቹ አላጠፉም። ሰነዱ ያላቸውን ነው ያደረጉት፣” አለ። ነገሩ ቢያንገበግበኝም እውነት ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ በሰው ፊት ተናገርኩ። አንተ ብትኖር ጆሮህን አታምንም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ጭምቷ ቀስ ብላ ሌላውን የነገረችኝ። ከሃያ ሦስቱ አንዱ የደንበኞች ደብዳቤ ክፍሉ ኤጀንት ነው። የእሱ ሥራ ጽፎ መጨረስ ብቻ አይደለም፤ ያትማል። አድራሻህ ከላይ አለ። ዓርብ ዕለት ከዋስትና ደብዳቤዎቹ ጋር አትሞታል፤ መዝገብ ቤት ያለችው ሴትዮም ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ማኅተም መትታ፣ የዋስትና ወረቀቱን አያይዛ፣ አሽጋ ልካዋለች። የደብዳቤውን ግልባጭ አገኘሁት፤ እንዲህ ይላል፦

“ላነሳኸው ጥያቄ አመሰግናለሁ። ጉዳዩን በጥንቃቄ ካጤንኩት በኋላ ውልህን ብታራዝም ለሁለታችንም የሚበጅ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለብቻዬ መኖሩን ለምጄዋለሁ፤ ቅሬታም የለኝም። ያን ጊዜ ለተናገርኩት ቃል ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መልካም የሥራ ዘመን እመኝልሃለሁ።”

ቅሬታም የለኝም ይላል። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ትዳራችን ቅሬታ ያልነበረኝን አንድ ቀን አስታውሰኝ እስቲ። ይህን አንብቤ ወዲያው ወደ ጭነት መላኪያው ሮጥኩ። የፖስታ ከረጢቱ ታሽጓል፤ ወደ ካምፓችሁ የሚወጣው መኪና ነገ ሐሙስ ይነሳል፤ የታሸገ ከረጢት ደግሞ ለማንም አይከፈትም አሉኝ፤ ልክም ናቸው። ስልክህንማ ተራራው ውጦታል፤ ከሰኞ ጀምሮ ሃያ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ስለዚህ ይህችን ከረጢት ውስጥ አልከታትም። ለሾፌሩ በእጁ እሰጠዋለሁ፤ ከፖስታው በፊት እንዲሰጥህ አስምዬዋለሁ። እኔን ስለምታውቀኝ እኮ ነው የምፈራው፤ ከነማኅተሙ ሲደርስህ ሆን ብዬ በአሽሙር የላክሁት ይመስልሃል፤ ትስቃለህ፤ ከዚያ ብዕርህን ታነሳለህ።

ትናንት ከሥራ በፊት ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ሃያ ሦስቱንም አነበብኳቸው። አሥራ ስድስቱ ፈርም ይሉሃል። ሰባቱ ና ይላሉ። መጀመሪያ ተናደድኩባቸው፤ ምን አውቃችሁ ነው አልኩ። ከዚያ ያስቀመጥኩላቸውን አራት መስመር እንደ አዲስ አነበብኩት። እዚያ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ከሄድክ አትመለስ”። ሌላ የሰጠኋቸው ነገር የለም። ምን ይፍረዱ? እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ፈርም ነበር የምለው።

ወረቀቱን ይዤ ስቀመጥ ነው ነገሩ የገባኝ፤ አንተም የያዝከው ያንኑ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ተራራ ላይ ይዘኸው የተቀመጥከው ያችን በር ላይ ያልኩህን ቃል ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንተ አላየህም፤ እኔም አልጻፍኩልህም። ስለዚህ አሁን ልጻፍልህ፤ ደብተርህ ላይ ይግባ።

ሳታማክረኝ ፈርመህ፣ ሻንጣህን አዘጋጅተህ፣ ቁርስ ላይ ነገርከኝ። ያን ቃል ተናገርኩ። አንተ ሻንጣህን አንስተህ ወጣህ። የግቢው በር ሲዘጋ ሰማሁ። የልኬት ደብተርህ መስኮቱ ሥር ነበር፤ ረስተኸው። ደብተሩን ይዤ ሮጥኩ። ስሮጥ አንድ እግሬ የእኔን ጫማ፣ አንዱ የአንተን አሮጌ ጫማ አድርጓል። መኪና ተራው ስደርስ የአንተ መኪና ከማዞሪያው ወጥቶ ሲታጠፍ ጀርባውን አየሁት። ሰው ሁሉ እግሬን እያየ ነበር። ደብተሩን ልሰጥህ አልነበረም የሮጥኩት፤ ደብተሩ ሰበብ ነው። ቤት ስመለስ ልጃችን የት ነበርሽ ስትለኝ፣ ጨው ልገዛ አልኳት። እጄ ላይ ግን ጨው አልነበረም፤ አይታለች። እስከ ዛሬም አላነሳችውም።

ያን ቀን ማታ ልጽፍልህ ነበር፤ ኩራቴ ያዘኝ። እሱ ይጀምር አልኩ። አንተም አልጀመርክም፤ የምትልከው ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ነበር። እኔም ስለ ልጃችንና ስለ ጣሪያው መለስኩልህ። ሦስት ዓመት እንደ ሁለት ጎረቤት በአጥር ላይ ሰላምታ ስንለዋወጥ ከረምን።

ከዚያ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ አንጀቴን የቆረጠው አንድ ቃል ነው፤ ይቅርታ የሚለው። ሃያ ሦስቱም ጽፈውታል። ፈርም ያሉትም፣ ና ያሉትም፤ አንዱ እንኳ አልተወውም። እኔ በሦስት ዓመት ማለት ያቃተኝን እነሱ በሁለት ሴኮንድ ብለውታል። እነሱ ቢሉት ግን አይቆጠርም፤ እነሱ አልበደሉህም። የበደልኩህ እኔ ነኝ። ስለዚህ በራሴ እጅ ልጻፈው፦ ይቅርታ አድርግልኝ። አትመለስ ያልኩህን ገና በሩ ሳይዘጋ ተጸጽቼበታለሁ።

ሰነዱን አስተካክያለሁ። ምሳሌው ላይ ያለውን ስም አወጣሁና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ስም ካልተሰጠህ ጠይቅ፤ ከምሳሌ ስም አትውሰድ። ያመጣኸው ሥራ ለአንተ የተሰጠ ካልሆነ፣ ባያልቅም እንኳ፣ አትጨርሰው፤ ባለበት መልሰውና ለባለቤቱ ንገር። ጭምቷ ትናንት ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ኤጀንቶች ሞከረችው። ዘጠኙም ኤጀንቶች ስም ሲያጡ ቆመው፣ “የትኛውን ሥራ ነው?” ብለው ጠየቁ። ሁለታችንም ተቃቀፍን፤ ልጅቷ ያን ቀን ወደ ሃያ ቃል ሳትናገር አልቀረችም። አለቃዬም አዲሱን አንቀጽ ለሌሎቹ መሣሪያዎች ሰነድ ሁሉ እንድጽፈው አዘዘኝ። በዚህ ዕድሜዬ ተፈላጊ ሆኛለሁልህ። የመጋዘኑ ኃላፊም ዝርዝሩን አግኝቷል፤ ኮሪደር ላይ ሲያየኝ ግን አሁንም መንገድ ይለውጣል።

አራቷን መስመር ዛሬ ጠዋት ከማስቀመጫው ሰረዝኳት። መልሱ ይኸው፦ አትፈርም፤ ና። ሳታማክረኝ የሄድከውን አልረሳሁም፤ ስትመጣ አንድ ሙሉ ቀን እነዘንዝሃለሁ፤ ቀኑን አንተ ምረጥ። ከዚያ በኋላ አላነሳውም። ልጃችን ይህን የተስፋ ቃል በጽሑፍ ስጪው ብላኛለች፤ ይኸው በጽሑፍ።

መልስህን እሁድ በሚወርደው መኪና በሾፌሩ ላክልኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል፤ አንተም ከዚያ በላይ አትጽፍም።

ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ከገደሉም ከብርዱም ይጠብቅህ፤ በሰላም ያገናኘን።

የልጅህ እናት፣
ነዝናዛዋ

ደግሞ ይህን ሳልጽፍ ፖስታውን ማሸግ አልቻልኩም። መልሴ ዘግይቶብህ ቀድመህ ፈርመህ ከሆነ አትጨነቅ፤ ወረቀቱን ልቅደድም አትበል፤ ሰው ቃሉን ከሰጠ ሰጠ ነው። ዝም ብለህ “ፈርሜያለሁ” በለኝ። አለቃዬን ጠይቄዋለሁ፤ ሰነድ የትም ተቀምጦ ይጻፋል ብሎኛል። ሾፌሩንም ጠይቄዋለሁ፤ ከጎኑ አንድ ወንበር አለው። በሚቀጥለው ሐሙስ እኔ እመጣለሁ።